በአንድ ቀን ያረጁ ፊቶች

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ በክዊሉና በሎአንጌ ወንዞች መካከል ባለው፣ ነጮች በቅኝ በያዙት በፔንዴ አገር ዝናቡ አብቅቶ ሣሩ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ጉም ከሸለቆው እየተነሣ ዘንባባዎቹን እስከ አንገታቸው ይውጣቸዋል፤ ጉሙ ሲገፈፍም በየዘንባባው ጫፍ ላይ፣ ወገቡን በገመድ ከግንዱ ጋር አስሮ የፍሬ ዘለላ የሚቆርጥ ሰው ይታያል። ያ ሰው ለራሱ አልነበረም የሚቆርጠው። ምድሩ የአያቶቹ ነው፤ ዛፉን የተከሉት አያቶቹ ናቸው፤ ፍሬው ግን ዘይቱን የሚጨምቀው የነጮች ኩባንያ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ቀርቦ ያስረዳው አንድም ሰው አልነበረም፤ ያስረዳው አለንጋ ነው።

አለንጋው የሚገመደው ከጉማሬ ቆዳ ነበር። የኪሴንጌ መንደር ሰዎች “ቆዳው ለእነሱ፣ ጥርሱ ለእኛ” እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ከጉማሬ ጥርስ ኢኮኮ ይሠራልና። ኢኮኮ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ፊት ነው፤ በጭፈራ ሜዳ የሚወጡት ታላላቅ ጭምብሎች፣ ንጉሥ መሳዩም፣ ጢማሙም፣ ቀልደኛውም፣ ገዳዩም፣ በዚያች ቁራጭ ጥርስ ላይ ተጠርበው በአንገት ይታሰራሉ። የሞተ ዘመድ በሕልም እየመጣ ያስጨነቀው ሰው፣ ወይም ልጅ አልጸናላት ያለች ሴት፣ አዋቂ ዘንድ ሄዶ ሲጠይቅ “አያትህ ይጨፍርበት የነበረውን ጭምብል በአንገትህ እሰር” ይባላል። ባለቤቱም ወንዝ በወረደ ቁጥር ከገላው ጋር ኢኮኮውን በደቃቅ አሸዋ ያሸዋል፤ ዓመታት ሲያልፉ አፍንጫው ይሟሽሻል፣ የዐይኑ ቆብ ይጠፋል፣ ነጩ ጥርስ የማር መልክ ይይዛል፤ ያን ጊዜ “በሰለ” ይሉታል። ጥሬ ኢኮኮ ጌጥ ነው፤ የበሰለ ኢኮኮ ግን ዘመድ ነው።

በኪሴንጌ ይህን የሚጠርበው ሺሙና አ ካሳንጂ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ምላሱ የተሳለ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ የሩዝ ፍሬ በምታህል ዐይን ላይ ቆብ ሲያወጣ ትንፋሹን ይይዝና ቢላዋውን ሳይሆን ጥርሱን ያዞራል፤ ከጨረሰም በኋላ ትንፋሹን ሲለቅ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አብረውት ይተነፍሳሉ። በፔንዴ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው፤ ስለዚህ የሺሙና ወራሽ ከአብራኩ የወጣ ሳይሆን የእህቱ የጋሴላ ልጅ ላንዱ ነበር። ላንዱ ሚስት ሊያገባ የደረሰ፣ ቀስት ሲስብ ክርኑ የማይንቀጠቀጥ ጎልማሳ ነው። ለጋሴላ ሌላ ልጅ አልነበራትም፤ ለሺሙናም ሌላ ስም አስጠሪ አልነበረውም።

በዚያ ግንቦት የአውራጃው ነጭ ሹም ወታደሮች አስከትሎ ወደ ኪሴንጌ መጣ። የመንደሩ ሰው ቱንዱ ይለው ነበር፤ ቱንዱ በጭፈራ መካከል ሆዱን አስቀድሞ የሚወጣ፣ ሽማግሌ ሳይል ሕፃን ሳይል የሚሳደብ ቀልደኛ ጭምብል ነው። ሹሙ ስሙን በሰማ ቁጥር የማዕረግ ስም መስሎት ራሱን ነቅነቅ ያደርግ ነበር። የዚያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። የኩባንያው የፍሬ ሣጥኖች ባዶ ነበሩ፤ የፍሬ ዋጋ በባሕር ማዶ በመውደቁ ኩባንያው ክፍያውን በግማሽ ቢቀንስ፣ ወንዶቹ ዛፍ መውጣቱን ትተው ጫካ ገብተው ነበር።

“ጎበዛዝቱ የት ናቸው?” አለ ቱንዱ በአስተርጓሚ አፍ።

“ጫካ ናቸው ጌታዬ፣ ፍሬ ሊቆርጡ” አለ ባላባቱ ሙዌኔ ኮምቦ።

“ትናንትም ጫካ ነበሩ። ፍሬው የታለ?”

“ዘንባባም እንደ ሴት ነው ጌታዬ፤ አለንጋ ስላሳዩት በየወሩ አይወልድም።”

ከወታደሮቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ቱንዱ ባላባቱን በሚስቶቹና በልጆቹ ፊት መሬት ላይ አስተኝቶ አስገረፈው፤ የሽማግሌው ሰውነት መጀመሪያ ይነሣ ነበር፣ ኋላ መነሣቱን ተወ። ከዚያም ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ካልተመለሱ አይለቀቁም ተብሎ ሴቶቹ እየተለቀሙ በገመድ ታሰሩ። ጋሴላ ገመዱን የያዘውን ወታደር ፊቱ ላይ ተፋችበት። እሷንም እዚያው አስተኟት። ሺሙና በደጃፉ ቆሞ፣ በእጁ ያልተጨረሰ ፊት እንደ ያዘ፣ የእህቱ ጀርባ ሲቀደድ አየ፤ የጠመንጃ አፈሙዝ ደረቱ ላይ ነበርና አልተንቀሳቀሰም። ሰው ስለዚህ ሊወቅሰው ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን በአፈሙዝ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ስለ ድፍረት ሲያስተምር ለመስማት ትዕግሥት የለኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ቱንዱ የሣጥኑን ጉዳይ ሊጨርስ በጥቂት ወታደሮች ብቻ ተመለሰ። የመንደሩን ፍርሃት ለምዶት ነበር፤ የለመዱት ነገር ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። በሜዳው የጠበቁት ጫካ የነበሩት ወንዶች ናቸው። እንዲበተኑ አዘዛቸው፤ አልተበተኑም፤ ጠመንጃውን አነሣና ተኮሰ፤ አንድ ሰው ጭኑን ተመትቶ ወደቀ። ሁለተኛውን ጥይት ሳያጎርስ የላንዱ ፍላጻ ክንዱ ላይ ተተከለ። ወታደሮቹ ሮጡ። ቱንዱም ሮጠ፤ ቁልቁል ወደ ጅረቱ፣ ፍላጻው ከክንዱ ሳይነቀል፣ እናቱን በቋንቋው እየጠራ። ያሳደዱት ሰዎች ማጭድ ከካሳቫው ማሳ ዳር ደረሰበት። ስለ ፍትሕ የሚናገሩ ሰዎች ቀሪውን ቢዘሉት ደስ ይላቸዋል፤ እኔ አልዘለውም። ሬሳውን ቆራርጠው ለዙሪያው ባላባቶች ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ላኩላቸው፤ ነገ ጦር ሲመጣ “እኔ የለሁበትም” የሚል ባላባት እንዳይገኝ ነው። ከዚያ ሴቶቹ ታስረው ወደ ተወሰዱበት ወደ ሹሙ ጣቢያ ሄደው የታጎሩበትን ዳስ በር ሰበሩ፤ ጋሴላም በእንጨት ቃሬዛ ተኝታ፣ ጀርባዋ ዝንብ ለብሶ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሺሙና ለላንዱ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ሰውዬውን ገድላችኋል። መንግሥቱን የገደላችሁት እንዳይመስላችሁ።”

በሦስተኛው ቀን ሙሎምባ የሚባል መልእክተኛ መጣ። በዚያ ወራት በአገሩ ሁሉ የተነሡት፣ ራሳቸውን ቱፔሌፔሌ፣ በነፋስ የሚንሳፈፉ፣ ብለው የሰየሙት ሰዎች ልከውት ነው። ቃሉ በየመንደሩ አንድ ነበር፦ ነጭ ፍየል፣ ነጭ ዶሮ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ከነጮች የመጣ ዕቃ ሁሉ ይጥፋ፤ አባቶች ይመለሳሉ፤ ፈረንጅ ከምድራችን ይነቀላል። ሙሎምባ በሜዳው መካከል ቆሞ ጠራቢውን አስጠራ።

“ሺሙና የምትባለው አንተ ነህ?”

“ሳታውቀኝ ነው እንዴ ያስጠራኸኝ?”

ሰው ሳቀ። ሙሎምባ አልሳቀም።

“ለኪሴንጌ ጎበዝ ሁሉ ፑምቡን ትጠርባለህ። ገዳዩን ጭምብል ባንገቱ ያሰረ ሰው ላይ ጥይት ውሃ ይሆናል። አባቶች ተናግረዋል።”

“የትኞቹ አባቶች? በእኔ በኩል ያሉት ስለ ጥይት ምንም አላሉኝም።”

“በአባቶች ትቀልዳለህ?”

“ባንተ ነው የምቀልደው። ስማኝ ወንድሜ፤ ኢኮኮ ቅዠት ይከለክላል፣ የሙት ቁጣ ያበርዳል። እርሳስ ሲመጣ ግን ጥርስ ነው። ጉማሬውን ራሱን ምን ገደለው? ጥይት አይደለም? ለባለቤቱ ያልሆነ ጥርስ ላንተ ሊሆን ነው?”

አሁንም የሳቁ ነበሩ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ሺሙና ሳቁ መሞቱን ሲያይ ሌላ ምክንያት ፈለገ፤ ለክፋቱም ሰው የሚገባው ምክንያት አገኘ።

“ደግሞስ ጥሬ ነው!” አለ። “ዛሬ ጠርቤ ነገ ባስርልህ ምን ያውቅሃል? ቆዳህን ያልለመደ፣ ውሃህን ያልጠጣ ፊት ማን ብሎ ይጠብቅሃል? ያልበሰለ ኢኮኮ ሬሳህን አያውቀውም።”

መልስ የሰጠው ባላባቱ ኮምቦ ነው፤ ጀርባው ገና ስላልዳነ በሁለት ሰው ተደግፎ ቆሞ ነበር።

“ሺሙና፣ ጦሩ ሲመጣ የምንሸሽበትን ልታሳየን ትችላለህ?”

“አልችልም፣ ጌታዬ።”

“ብንሸሽም ጦሩ አይምረንም። የሚገደል ሰው ባዶ አንገቱን አይሂድ። ባይከላከልም ልብ ይሰጣል። ጥረብ።”

“ልብ የሚሰጥ ውሸት ነው።”

“እሱ ውሸት ከሆነ እውነቱን አምጣና ስጣቸው። አለህ?”

አልነበረውም። ስለዚህ ጠረበ። ያለው ጥርስ ሲያልቅ የፍየል አጥንት አመጡለት፤ አጥንቱ ሲያልቅ የዘንባባውን ጠንካራ ፍሬ ቅርፊት አመጡለት፤ የተገረፉበት ፍሬ ራሱ ፑምቡ ሆኖ ባንገታቸው ተንጠለጠለ። የፑምቡ ፊት ቀላል አይደለም፤ ዐይኖቹ ወደ ፊት የወጡ ክብ፣ አፉ የተከፈተ፣ ግንባሩ እንደ ጎራዴ ጠርዝ ነው። ሺሙና በችኮላ መጥፎ ሥራ መሥራት አያውቅበትም ነበርና እያንዳንዱን ፊት በወጉ አወጣው፤ ጣቶቹ ደሙ፣ ዐይኖቹ እንደ በርበሬ ቀሉ። መንደርተኛው ሁሉ እየመጣ ተቀበለው። ባልቴቲቱ ካፉሺም ለአንድያ ልጇ ለኪያንዛ መጥታ ስትወስድ “እጅህ ይባረክ” አለችው፤ እሱም ቀና ብሎ አላያትም።

በመጨረሻ ላንዱ መጣ።

“አጎቴ፣ የእኔስ?”

“ያንተ የለም።”

“ጥርስ አልቆ ከሆነ ቅርፊትም ይበቃኛል።”

“ጥርስ አላለቀም። ያንተ የለም ነው ያልኩህ።”

ላንዱ ገባው። በፔንዴ ወግ ወራሽ ወደ ሞት የሚሄደው አጎቱ ሲፈቅድለት ነው፤ አጎት ነጩን ሸክላ ከግንባሩና ከደረቱ ላይ ካልቀባው፣ በአንገቱም ካላሰረለት፣ ቢሞት መንፈሱ ወገኑን የማያውቅ ባዕድ ሆኖ ይቀራል፤ እናቱንም ያሳምማል። ያለ ፈቃድ የሚወጣ ጎልማሳ በኪሴንጌ ታይቶ አይታወቅም።

“ቀስቴ የመጀመሪያው እኮ ነው፣ አጎቴ። የጀመርኩትን ጦርነት ሌላ ሰው እንዲዋጋልኝ ነው? ፈሪ ልታደርገኝ ነው?”

“ሕያው ላደርግህ ነው። ፈሪነቱን ራስህ ጨምርበት።”

ከጎጆው ውስጥ በሆዷ ተኝታ የነበረችው ጋሴላ ሁሉንም ሰምታለች። ላንዱ እግሩን እየጎተተ ከሄደ በኋላ ወንድሟን ጠራችው።

“አንተ ሺሙና።”

“አቤት።”

“ጀርባዬን እርሳው፤ ይድናል። እሱን እንዳትለቅብኝ። ሰው ምንም ቢልህ እንዳትለቀው። በእናታችን ጡት ማልልኝ።”

“በእናታችን ጡት።”

ማለ። ከልቡ ነው የማለው።

ጦሩ መትረየስ ይዞ ወንዝ መሻገሩ በተሰማ ዕለት፣ ረፋድ ላይ፣ ሺሙና ውሃ ሊጠጣ ወደ ጅረቱ ወረደ። ከመድረሱ በፊት ድምፁን ሰማ፤ ብዙ አይጦች በአንድ ጊዜ እንጨት የሚፍቁ ይመስላል። ዘንጉን ተደግፎ ቁልቁለቱን ሲጨርስ የመንደሩ ጎበዝ ሁሉ በውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ አየ። እያንዳንዱ በእጁ አሸዋ ይዟል፤ እያንዳንዱ ፑምቡውን እየፈተገ ነው። እናቶችና እህቶች በዳር ተቀምጠው የታሸውን ይቀበላሉ፤ በዘንባባ ዘይትና በቀይ የእንጨት ዱቄት ለውሰው መዳፋቸው ላይ ያሹታል፣ ከዚያ መልሰው ለአሸዋው ይሰጡታል።

“ምን እየሠራችሁ ነው?” አለ ሺሙና።

“እያበሰልን ነው፣ አባባ!” አለ ኪያንዛ፤ ጥርሱ በሙሉ ይታይ ነበር። “ጥሬ ነው አላልክም? ዛሬ ሲመሽ ከአያቴ ኢኮኮ አይለይም።”

“አንተ ደንቆሮ! አሸዋው አይደለም የሚያበስለው፣ ዕድሜው ነው!”

“ዕድሜ ከየት እናምጣ ታዲያ? አንተ ካለህ አበድረን።”

ውሃው በሳቅ ተናጋ። ሺሙና ጎንበስ ብሎ የአንዱን መዳፍ ከፈተ። ትንፋሹን ይዞ ያወጣቸው ዐይኖች የሉም፤ የግንባሩ ጠርዝ የለም፤ አፉ ጎድጎድ ያለ ጥላ ሆኗል። በዓመታት ሊሆን የሚገባው በአንድ ረፋድ ሆኗል። ይህን ያደረገው አሸዋው ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ምላስ ነበር። “አያድናችሁም” ብሎ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ከመካከላቸው የሚያምነው ይገኝ ነበር፤ እሱ ግን “ጥሬ ስለ ሆነ” የምትል አንዲት በር ከፍቶላቸው ነበር፤ እነሱም በዚያች በር ገቡ።

“ተዉት!” ሲል ጮኸ። “በሰለም አልበሰለም ጥይት አያቆምም! ስሙኝ፣ አያቆምም!”

ያን ጊዜ ካፉሺ የልጇን ኢኮኮ በዘይት እያሸች ከተቀመጠችበት ተነሣች።

“ይህን የሚለን ማነው?” አለች። “ለልጆቻችን ፊት ጠርቦ የራሱን ልጅ ጓዳ የደበቀው ሰውዬ ነው? አያቆምም ካልክ ለምን ለኪያንዛዬ ሰጠኸኝ? የሚያቆም ከሆነስ ላንዱ ለምን ባዶ አንገቱን ይዞራል? ወይስ የጋሴላ ማሕፀን የነሐስ ነው፣ የእኛ የሸክላ?”

የአሸዋው ድምፅ ቆመ። ላንዱ ከሁሉም ርቆ በዳርቻው ድንጋይ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ማንም አጠገቡ አልነበረም፤ ሁለት እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር። የእናቶቹ ዐይን ሁሉ ከእሱ ወደ ሺሙና ሄደ። ሺሙና ለካፉሺ መልስ ነበረው፤ እውነተኛ መልስ ነበረው፤ ግን መልሱን መናገር ማለት “የልጅሽን ሞት እያወቅሁ ነው የጠረብኩልሽ” ማለት ነበር።

ይህን በመናገር ፈንታ ከአንገቱ ላይ ክር ፈታ። የእናቱ ኢኮኮ ነበር፤ ከእናቱ ወደ እሱ የመጣ፣ በእርግጥም የበሰለ፣ ፊቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው። ከጅረቱ ዳር ነጩን ሸክላ በጣቱ ቆነጠረ፤ ወደ ላንዱ ሄዶ ግንባሩን ቀባ፣ ደረቱን ቀባ፣ ክሩንም በአንገቱ ላይ ቋጠረ። ጎበዛዝቱ በውሃ ውስጥ እልል አሉ። ላንዱ የአጎቱን ጉልበት ይዞ ሳመ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ካፉሺ ተመልሳ ተቀመጠችና ማሸቷን ቀጠለች።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ገና ጉሙን ስትገፍፍ፣ ጦሩ ከመንደሩ በላይ ባለው የሣር ሜዳ ተሰለፈ፤ አንድ ነጭ ሻምበል፣ ከሩቅ አገር የመጡ ጥቁር ወታደሮች፣ በመካከላቸውም መትረየሱ። ጎበዛዝቱ ቀስትና ማጭድ ይዘው በሣሩ ውስጥ እየተሳቡ ቀረቡ። ሺሙና ከጫካው ጠርዝ፣ ከሴቶቹ ጋር ሆኖ ያይ ነበር። የመጀመሪያው ተኩስ የጠመንጃ ነበር፤ በጉሙ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ከፍ ብሎ ከራሳቸው በላይ አለፈ፤ አንድ ሰው እንኳ አልወደቀም።

“ውሃ ሆነ!” ሲል ኪያንዛ ጮኸ። “ውሃ ሆነ!”

ሣሩም ሰው አበቀለ። ተደብቀው የነበሩት ሁሉ ደረታቸውን ገልጠው ቆሙ፤ ኢኮኮአቸውን በእጃቸው ወደ ፊት እያሳዩ ሮጡ። መትረየሱ የጠበቀው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፤ እንደ አጫጅ፣ ሳይቸኩል። ኪያንዛ አገጩ ተቆርጦ ሄደ፤ ጥቂት እርምጃ ያለ አገጭ ሮጠ። አንዱ አንጀቱን በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ የት እንደሚያስቀምጠው የሚፈልግ ይመስል ዞር ዞር አለ። የቆሰሉት ኢኮኮአቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ነክሰው፣ እንደገና ተነሡ፤ እንደገናም ወደቁ። ላንዱ ከሁሉም ርቆ ሄዷል፤ ቀስቱን ስቦ፣ ክርኑ ሳይንቀጠቀጥ፣ መትረየሱን የያዘውን ሰው አንገቱን ወጋው። መትረየሱ ለአንድ ትንፋሽ ዝም አለ። ሌላ ሰው በቦታው ተቀመጠና የላንዱን ደረት ከነጩ ሸክላ ምልክት ላይ በሳሳው።

ከዚያ ወታደሮቹ በሣሩ ውስጥ ገብተው የሚያቃስተውን ሁሉ በሳንጃ ዝም አሰኙት። ሺሙና መጮሁ አይታወቀውም፤ ሴቶቹ በኋላ እንደ ነገሩት ግን ከሁሉም በላይ ይጮህ የነበረው እሱ ነው። ወታደሮቹ ወደ ጫካው ሲመጡ ሴቶቹ ሸሹ፤ እሱ ግን ወደ ሜዳው፣ ወደ ላንዱ ሮጠ። ደረሰም። ሬሳውን ገለበጠ። አንገቱ ባዶ ነበር፤ ክሩ በቢላዋ ተቆርጧል። እዚያው ያዙት።

ሻምበሉ በዛፍ ጥላ ሥር በምትታጠፍ ወንበር ተቀምጦ ነበር። በጉልበቱ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ በቆርቆሮው ውስጥ ከየአንገቱ ተቆርጠው የመጡት ኢኮኮዎች፣ አንዳንዶቹ ገና ደም እንዳለባቸው። አንድ በአንድ እያነሣ፣ በመሐረቡ እየጠረገ፣ ወደ ብርሃን ያስጠጋቸዋል። ሰውዬው የተማረ ነበር፤ እጁም ለጥቃቅን ነገር ለስላሳ ነበር። ከሬሳ ክምር አጠገብ ተቀምጦ ስለ ውበት የሚያደንቅ ሰው አውሬ ቢሆን ይቀለን ነበር፤ አውሬ አልነበረም።

አስተርጓሚው ሺሙናን ገፋ አደረገው። “ሻምበል ይጠይቃሉ፦ እነዚህን የሠሯቸው የጥንት ሰዎች የየትኛው ዘመን ናቸው?”

“እኔ ነኝ የሠራኋቸው” አለ ሺሙና።

አስተርጓሚው በዝግታ “አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ለዚህ አመፅ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ እያልክ እኮ ነው። ይሰቅሉሃል” አለው።

“ይስቀሉኝ። ንገራቸው። እኔ ነኝ፤ በዚህ በያዝነው ወር። ከዚያ ውስጥ አንዱ ግን የእናቴ ነው፤ የልጄ አንገት ላይ ነበር። እሱን ይስጡኝና ከልጄ ጋር ልቅበረው። ሌላውን ይውሰዱት።”

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሻምበሉ ፈገግ አለ፤ እንደ ሞኝ ልጅ ነው ያየው። አንዱን አንሥቶ የተፋቀውን ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ “ይህ ልስላሴ የመቶ ዓመት ነው” አለ፤ “ቢያንስ የአራት ትውልድ እጅ አልፎበታል።”

“ትናንትና ነው! በአሸዋ ነው ያሹት፣ ጅረቱ እዚያ ነው፣ ሄደው ይዩት!”

ሻምበሉ ሣቀና አንድ ቁራጭ ጥርስና ቢላዋ አስመጣ። “እሺ፤ ከሠራሃቸው ሥራና አሳየኝ።”

ሺሙና በወታደሮች መካከል መሬት ላይ ተቀመጠ። ከጀርባው ሬሳ ይጎተታል። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሱን ለዘላለም አሳፍሮታል። ትንፋሹን ይዞ፣ ጥርሱን እያዞረ፣ ፑምቡን አወጣው፦ የወጡ ዐይኖች፣ የተከፈተ አፍ፣ እንደ ጎራዴ ጠርዝ የሆነ ግንባር። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የተሻለው ነበር። ሻምበሉ ተቀበለው፤ ከቆርቆሮው ካሉት ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አየው፤ ራሱንም ነቀነቀ።

“ጎበዝ አስመሳይ ነህ” አስባለው። “አየህ? ያንተ ስለታም፣ አዲስ፣ ርካሽ ነው። የእነዚያን ነፍስ ግን ማስመሰል አትችልም።”

አዲሱንም ጨምሮ ኪሱ ከተተው። ሺሙና ቆርቆሮው ላይ ተወረወረ፤ እጁን ሰደደ፤ የእናቱን ኢኮኮ በጣቱ እንደ ነካው እስኪሞት ድረስ ይምል ነበር። በጠመንጃ ሰደፍ እጁን ሰበሩት፤ ከዚያ በውሸታምነቱና በድፍረቱ አስገርፈው ለቀቁት። አመፀኛ አድርገው ሊሰቅሉት እንኳ አላመኑትም።

የተሰበረው እጁ ከጎኑ እንደ ተንጠለጠለ፣ ላንዱን በግራ እጁ ጎትቶ ከጫካው ጥግ ቀበረው። ከዚያ ወደ እህቱ ጎጆ ገባ። ጋሴላ በሆዷ እንደ ተኛች ነበር፤ ተኩሱን ሁሉ ሰምታለች።

“ሞተ?”

“አዎ።”

“ሳይፈቀድለት ሄዶ ነው?”

ሊዋሽ ይችል ነበር። “ቀብቼ፣ አስሬ ላክሁት” አላት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያ ጎጆና በዚያ ጓሮ ሁለቱ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ምግብ ታቀርብለት ነበር፤ ውሃም ታቀርብለት ነበር፤ ቃል ግን አልሰጠችውም።

አመፁ እስከ መስከረም ድረስ ቆየ፤ ከአምስት መቶ በላይ ፔንዴዎች ተገደሉ፤ በመጽሐፍ ቁጥራቸው ተጻፈ፣ ስማቸው አልተጻፈም። የሹሙ ስም ግን ተጻፈ፤ ድንጋይም ቆመለት። ኢኮኮዎቹ ባሕር ተሻግረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰደሩ፤ በሥራቸው “እጅግ ጥንታዊ፤ ሠሪው ያልታወቀ፤ በትውልዶች ፍቅር የለሰለሰ” የሚል ቃል ተለጠፈ፤ የተማሩ ሰዎችም እየመጡ በዚያ ልስላሴ ፊት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለ አመፁ የጻፉትም አንድ ነገር ሳይጠቅሱ አያልፉም፦ እነዚያ አላዋቂዎች ጥይት ውሃ ይሆናል ብለው አምነው ነበር ይላሉ፤ ይህን ሲጽፉም ብዕራቸው ፈገግ ይላል። ያመኑት ነበሩ፤ አልክድም። ነገር ግን በኪሴንጌ ጅረት ዳር፣ በእናቶች ዐይን ፊት ቆሞ፣ ምንም ሳያምን፣ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ እያወቀ፣ አንድያ ወራሹን በገዛ እጁ ቀብቶ የላከ ሰውም ነበር። ታሪክ ያመኑትን ጽፎ ሳቀባቸው፤ ሳያምን የላከውን ግን የሚጽፍበት ቃል አላገኘም።